የቮልስዋገን ዝግጅት ለአርሲ ደጋ ጉዞ

የቮልስ ዝግጅት የአሮጌ ቮልስዋገንን ሞተርና ማርሚታ (የጭስ መውጫ) ለረጅም መንገድ የማሰናዳት ሥራ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፤ የማራገቢያው ቺንጋ ከተበጠሰ ወዲያው ማቆም ግድ ስለሆነ ትርፍ ይያዛል። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል። ከአዳማ ወደ አሰላና ጎበሳ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ዝቅ ባለ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ዋናው ጥንቃቄ ግን የጭስ መውጫው ነው፦ የተሳፋሪው ማሞቂያ አየር የሚሞቀው በዙሪያው በማለፍ ስለሆነ፣ የተበሳ ቱቦ መርዛማ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በአርሲ ብርድ ደግሞ ማሞቂያው መከፈቱ አይቀርም።