ስም ምስክር ይሆናልን?
ስለ ጎጃም በረንዳና ስለ ታሪክ ማስረጃ አመዛዘን

የታሪክ ተማሪ ከሚያጋጥሙት ማስረጃዎች መካከል እንደ ቦታ ስም ቀላል መስሎ የሚታይ የለም። በሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው፤ ለመስማትም ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ስሙን እንደ ሰማን ወዲያው ወደ ፍርድ እንሮጣለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ስም በእርግጥ ምስክር መሆኑን፥ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ምስክር ሳይጠየቅ ቃሉ ሊጸድቅ የማይገባው መሆኑን ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በአዲስ ከተማ፥ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን የመርካቶ ክፍል፥ ጎጃም በረንዳን ነው።

ስለዚህ ሰፈር ሲነገር ሁለት አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው «ጎጃም በረንዳ ከተባለ የመሠረቱት ጎጃሞች ናቸው» የሚል ነው። ሁለተኛው «መርካቶ የጣልያን ቃል ስለ ሆነ ገበያውን የፈጠረው ጣልያን ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ከስሙ ተነሥተው በአንድ እርምጃ ከነገሩ ሥር ይደርሳሉ።

የፊተኛውን ለመመርመር ጎረቤቶቹን ማየት ይበቃል። በርበሬ በረንዳና ሚስማር ተራ የተሰየሙት በሚሸጥባቸው ዕቃ ነው። አውቶቡስ ተራ የተሰየመው በአገልግሎቱ ነው። ዱባይ ተራ የሩቅ አገር ስም ቢይዝም የዱባይ ሰዎች ሰፈሩበት የሚል የለም፤ ስሙ የሚያመለክተው ዕቃው የመጣበትን አገር ነው። በሌላ በኩል ዶርዜ ሰፈር የተጠራው በሰዎቹ ነው። እንግዲህ የአንድ አገር ስም በአንድ ሰፈር ላይ ሲገኝ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊያመለክት ይችላል፤ ይኸውም ሰዎቹን፥ ዕቃውን ወይም መንገዱን ነው። ከጎጃም የመጣ ነጋዴ፥ ከጎጃም የመጣ ጤፍና ቅቤ፥ በጎሐ ጽዮን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ፥ ሦስቱም ያንኑ ስም ሊያወጡ ይችላሉ። ስሙ ብቻውን ከሦስቱ አንዱን አይመርጥም። ለመምረጥ የንግድ ፈቃድ መዝገብ፥ የኪራይ ውል፥ የዕድር አባሎች ዝርዝርና የሽማግሎች ቃል ተሰብስበው እርስ በርሳቸው መተያየት አለባቸው።

ሁለተኛው አሳብ ከዚህ የከበደ ነው፤ የአገር ክብር አለበትና። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማይቱ ሲደርስ ንግዱ ይበልጥ ሰፋ፤ ከኢትዮጵያውያን ጋራ አርመኖች፥ ግሪኮች፥ ሕንዶችና ዐረቦች ይነግዱ ነበር። የፋሽስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ገዢዎቹ ነጭንና ጥቁርን ለመለየት አዲስ ፕላን አወጡ። የኢትዮጵያውያኑም ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደርጎ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፥ ማለት የአገሬው ሰው ገበያ፥ ተባለ።

እንግዲህ ቃሉ የሚመሰክረው ስሙን ማን እንዳወጣውና በምን አሳብ እንዳወጣው ነው። ስለ ንግዱ አመጣጥ ግን አይመሰክርም። በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ጎጃም የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ከእናርያ በኩል የሚመጣ ቡና፥ ወርቅና ዝባድ በዚያ አልፎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። የጎጃም ነጋዴ ገበያ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የጣልያንን መምጣት አልጠበቀም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ ጉድጓድ አለ። ወራሪውን ስለምንጠላ ብቻ «ገበያው በዚህ ቦታ እንዲሆን የጣልያን እጅ የለበትም» ብንል ያው ስሕተት ተገልብጦ ይመጣብናል። ቦታው የተለየው በወረራው ዘመን ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰው የሚጠላውን አሳብ መመርመር አይቸግረውም፤ የአእምሮ ፈተና የሚሆነው ደስ የሚያሰኘውን አሳብ በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

በአገራችን የቀድሞ ፍርድ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት የሚጠያየቁበት የ«ተጠየቅ» ሙግት ነው። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁን «ለምን እዚህ ወደቅህ?» ብሎ የሚመረምረው የለም። ስምን ሳንመረምር ስንቀበል የቦታውን ስም ሌባ ሻይ እናደርገዋለን፤ በወደቀበት እንፈርዳለን።

በደንብ የተጠየቀ ቃል ግን ታላቅ ምስክር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1440 ሎሬንሶ ቫላ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ፥ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ለሮማ ጳጳስ ግዛት ሰጠበት የሚባለውን ሰነድ መረመረ። የላቲኑ አነጋገር ከቆስጠንጢኖስ ዘመን በኋላ የመጣ መሆኑን አሳይቶ ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን አስረዳ። የጠየቀው ጥያቄ «ይህ ቃል በዚያ ዘመን ይነገር ነበርን?» የሚል ነው። ቃሉን የሚያውቀውን ጠየቀው፤ የሚያውቀውንም መለሰለት።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። «ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» የሚልም አለ። ለታሪክ ተማሪ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ አውጪና ተቀባይ መኖራቸውን ያስታውሰዋልና። «መርካቶ በአፍሪቃ ትልቁ ገበያ ነው» ሲባልም እንዲሁ መጠየቅ ይገባል፤ በስፋት ነውን? በነጋዴው ብዛት ነውን? ወይስ በሽያጩ? መለኪያው ያልተነገረለት ትልቅነት ምስጋና እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። የመርካቶ አሮጌ ቤቶች ለረጃጅም ሕንፃዎች ቦታ እየለቀቁ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎም ሱቆችን ከነዕቃቸው በልቷል። መዝገቡ ሲጠፋና ሽማግሌው ሲያልፍ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስሙ ያላለውን ብናስብለው የሚያርመን አይኖርም። ስለዚህ ደብተራችንን ይዘን ወደ ጎጃም በረንዳ የዕድር ሰብሳቢዎች መሄድ ያለብን ዛሬ ነው። ስንሄድም «ስሙ ከየት መጣ?» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «ይህን ማን ነገረዎት? መቼ? እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?» እንበል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለሽማግሌው ድፍረት አይደሉም፤ ቃላቸውን ለማክበር ሌላ መንገድ የለምና።