«ሳንኮፋ»ን ማን ሸጠው?

እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ኃይሌ ገሪማን «የኛ ልጅ» ማለት እንወዳለን። ሰውዬው የጎንደር ከተማ ተወላጅ ነው፤ ግን በ1938 ዓ.ም. ሲወለድ ጎንደርም ደብረ ታቦርም በአንድ በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩና በዚህ አንጣላም። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለሱ ሳይሆን ስለ ሽሪኪያና አይና ነው። «ደግሞ እሷ ማን ናት?» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። «ሚስቱ ናት» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ እኛም እስካሁን የተገላገልነው እንዲሁ ነው።

ሽሪኪያና ዲትሮይት የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ማስተርሷን ኃይሌም በተማረበት በዩሲኤልኤ ሠራች። እ.ኤ.አ. በ1982 «ብሪክ ባይ ብሪክ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አወጣች፤ በዋሽንግተን ድሃ ጥቁሮች ከሰፈራቸው እንዴት እየተገፉ እንደሚወጡ የሚያሳይ ነው። በነዚያው ዓመታት ከኃይሌ ጋር ማይፈዱህ ፊልምስ የተባለውን አከፋፋይ ድርጅት ማንቀሳቀስ ጀመረች።

አከፋፋይ ስል ፊልሙን ከሲኒማ ቤት ጋር የሚያገናኘው ክፍል ማለቴ ነው። ዳይሬክተር ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ አዳራሽ የሚይዝለት ከሌለ ግን ፊልሙ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀራል።

«ሳንኮፋ» እንዲያ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ጋና ውስጥ ባለ የባሪያ ምሽግ ፎቶ የምትነሳ ጥቁር ሞዴል ወደ ባርነት ዘመን ተመልሳ ስትገባ የሚያሳይ ፊልም ነው። ሽሪኪያና ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ናት። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ብቻ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ፤ አሜሪካ ሲመለስ ግን የሚያከፋፍለው ትልቅ ኩባንያ ጠፋ።

ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ይሄ ቁማር ነው፣ እናንተዬ። ለባለ አዳራሹ ቁርጥ ኪራይ ትከፍላላችሁ፤ ሰው ከመጣ የትኬቱ ገንዘብ የናንተ ነው፣ ካልመጣ ኪሳራውም የናንተው። ሰው መጣ። ወሬው በአፍ፣ በየማኅበሩ ተዛመተና ፊልሙ ለሳምንታት ታየ። ከዚያ በዚሁ መንገድ ወደ 35 ከተሞች ዞረ፤ ገቢውም ከ2 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ «የኃይሌ ጀግንነት» ይባላል። ሂሳቡ ላይ አብራ የተቀመጠችው ሴት ግን ከወሬው ትወጣለች። ይሄ ያናድደኛል።

ከዚህ በኋላ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ ካፌም አለው፣ ሳንድዊቾቹ የተሰየሙት በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ነው። እሷም ካሜራዋን አልጣለችም። እ.ኤ.አ. በ1997 «ስሩ ዘ ዶር ኦፍ ኖ ሪተርን»ን፣ በ2017 ደግሞ ነፃነቷን ወደ ተቀዳጀችው ጋና ስለሄዱ ጥቁሮች የሚያወሳውን «ፉትፕሪንትስ ኦፍ ፓን አፍሪካኒዝም»ን ሠራች።

እ.ኤ.አ. በ2019 የሰፈሩ ዋጋ ሰማይ ነክቶ የንብረት ግብሩ መደብሩን ሊያስዘጋው ደረሰ። በ1982 የቀረጸችው መፈናቀል እሷው በር ላይ መጣ ማለት ነው። ደንበኞች ጮኹ፣ የከተማው ምክር ቤትም የግብር እፎይታ ፈቀደ። «ሳንኮፋ» ራሱ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ወጣ።

በመሃሉ፣ በ2020፣ «ሬዚድዩ» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ያደገበት የዋሽንግተን ሰፈር ጠፍቶ ስለሚጠብቀው ወጣት ነው። ዳይሬክተሩ መራዊ ገሪማ፣ ልጇ።