ወላጅና ትምህርት ቤት ለአፍላ ወጣቶች ደኅንነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ለካህኑ ለዔሊ ከሰጠች በኋላ የእናትነት ድርሻዋን አላቋረጠችም። በየዓመቱ ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (፩ኛ ሳሙ. ፪፥፲፱)። ልጅ ያድጋልና የዓምናው ልብስ ለዘንድሮ አይበቃም፤ ዕድገቱን መከታተል ነበረባት። ዔሊም ብላቴናው በሌሊት ሦስት ጊዜ ሲመጣበት አልተቆጣውም፤ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አስተውሎ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው (፩ኛ ሳሙ. ፫፥፩-፱)። ልጅን ለመምህር መስጠት የወላጅን ኃላፊነት እንደማያስቀር፣ መምህርም የልጁን ልብ ማዳመጥ እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

አፍላ ወጣትነት

የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ አፍላ ወጣትነት ይለዋል። በዚህ ዘመን አካል ፈጥኖ ይለወጣል፤ ስሜት ይበረታል፤ የባልንጀራ ቃል ከወላጅ ቃል ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ ይበዛል። አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚበስለው። ድርጅቱ እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በዚህ ዕድሜ ከሚገኙ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል ያጋጥመዋል። ስለዚህ የልጅ ድንገተኛ ዝምታ ሁሉ ስንፍና፣ ቁጣውም ሁሉ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

በሁለት ጠባቂዎች መካከል

በኢሉባቦር ዞን እንደ ዳሪሙ ባሉ ወረዳዎች አብዛኛው ቤተሰብ በእርሻ ይተዳደራል፤ ቡናና ማር የአካባቢው በረከቶች ናቸው። እንደ ሌላው የሀገራችን ገጠር ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዛት የሚገኘው በከተማ ስለሆነ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ ይማራል። ወላጅ የሚያየው ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ ነው፤ መምህሩ የሚያየው በክፍል ውስጥ ነው። በመካከሉ ያለውን ምሽት፣ ረኃብና ብቸኝነት የሚያይ የለም። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ልጁ ሁለት ጠባቂ እያለው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

የቋንቋ ለውጥም አለ። በክልሉ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። ጎበዝ የነበረ ልጅ በ9ኛ ክፍል ቢደክም ቤተሰቡ «ከተማ አበላሸው» ሊል፣ መምህሩም «ሰነፍ ነው» ሊል ይችላል። ቢነጋገሩ ግን ልጁ የቸገረው ቋንቋው እንደ ሆነ በጊዜ ይደርሱበት ነበር።

የወላጅ ድርሻ

ልጅ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ ከውጤቱ በፊት ኑሮውን መጠየቅ ይገባል፦ ከማን ጋር ትኖራለህ? ምን ትበላለህ? ሌሊት ትተኛለህ? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ወላጅ ከአከራዩና ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተዋውቆ ስልክ ቢለዋወጥ መልካም ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅም «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ የሚከለክለው የለም።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ከትምህርቱ ዘመን ጋር ስለሚገጥም ልጆች ከክፍል ይቀራሉ። ቤተሰቡ እርዳታቸውን ቢሻ ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ ተማክሮ ሥራውን ወደ ዕረፍት ቀናት ማድረግ ይችላል። ሴት ልጅም የቤት ሥራው ሁሉ በእርስዋ ላይ ተጭኖ የጥናት ጊዜ እንዳታጣ እናትና አባት ሊያስቡ ይገባል።

የትምህርት ቤት ድርሻ

መምህር ተማሪው ለተከታታይ ቀናት ሲቀር ከመቅጣቱ በፊት ወደ ቤተሰቡ ሊደውል ይገባል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም አካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። ልጅን በሰልፍ ፊት ማዋረድም ልቡን ከመዝጋት በቀር አያስተካክለውም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) ወላጆችን ለመዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው ለመምከር ቢጠራ፣ ስብሰባውንም ገበሬው ወደ ከተማ በሚመጣበት በገበያ ቀን ቢያደርገው ብዙዎች ይገኛሉ።

ስለ ፈተና

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። ለብዙ የገጠር ልጆች ይህ ከሚያውቁት አካባቢ ርቀው የሚያድሩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ፣ በ2016ም 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ተፈታኝ ያላለፈበትን ፈተና የአንድ ልጅ ውርደት አድርጎ መቁጠር ትልቅ በደል ነው። ስለዚህ ወላጅና መምህር ከፈተናው በፊት በአንድ ቃል ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ፦ ቢያልፍም ባያልፍም ልጃቸው እንደ ሆነ፣ የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወይም ሌላ በር እንዳለ። ይህን ከውጤቱ በኋላ ብቻ የሚሰማ ልጅ ማጽናኛ እንጂ እውነት አይመስለውም።

አስቸኳይ ምልክቶች

ኀዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከተለየ፣ መጠጥ ወይም ጫት ከጀመረ ቶሎ መነጋገር ይገባል። ስለ ሞት የሚናገር ልጅ ካለ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ ከዚያም እንደ መቱ ካርል ሆስፒታል ወዳለ ከፍተኛ ሕክምና ሊላክ ይችላል። «ሞትን የሚያወራ አይሞትም» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው።

ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር (ቆላ. ፬፥፲፬)። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። የንስሐ አባትና ሰንበት ትምህርት ቤትም ከቤተሰቡ ርቆ በከተማ ለሚኖር ተማሪ ሦስተኛ ቤት ሊሆኑት ይችላሉ፤ አጥቢያዎች እነዚህን ልጆች ፈልገው እንዲያቀርቧቸው አደራ እንላለን።

ዔሊ ሳሙኤልን ቢያዳምጥም የገዛ ልጆቹን ባለመገሠጹ ተወቅሷል (፩ኛ ሳሙ. ፫፥፲፫)። ማዳመጥና መገሠጽ የማይለያዩ ናቸው፤ ወላጅና መምህር ተስማምተው ሲያደርጉት ደግሞ ልጁ ፍቅር መሆኑን ያውቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።