ቡላና የአልሞንድ ዱቄት፦ ከእህል ያልተሠራ ዱቄት ሁሉ ለስኳር ሕሙማን ይስማማል?

ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ሲዘቅጥ የሚገኝ ነጭ ምግብ ነው። በቸሃ ወረዳ በእምድብርና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ገበያዎች ምርታቸውን በሚያወጡ ቀበሌዎች ከእንሰት ከሚዘጋጁት ቆጮ፣ አሚቾና ቡላ መካከል የላቀ ዋጋ የሚያወጣው ቡላ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን በቡላ ውስጥ ስለሌለ፣ ስንዴ የማይስማማው ሰው ሊመገበው ይችላል። የአልሞንድ ዱቄትም እንዲሁ ከግሉተን ነፃ ነው። ይህ ተመሳሳይነት ግን ሁለቱን ዱቄቶች አንድ አያደርጋቸውም፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ላለበት ቤት ልዩነታቸው ቀላል አይደለም።

በቅድሚያ የስሙን ጉዳይ ማጥራት ይገባል። በገበያችን «ለውዝ» የሚባለው ኦቾሎኒ ሲሆን፣ ከመሬት ሥር የሚያፈራ የጥራጥሬ ዘመድ ነው። አልሞንድ ግን የኮክ ዘመድ የሆነ ዛፍ ፍሬ ነው፤ የአሮን በትር እንዳፈራች በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው ለውዝም ይኸው ነው። ከዓለም የአልሞንድ ምርት አብዛኛው የሚገኘው ከአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ዛፉ በዚያ ደረቅ ምድር በመስኖ ስለሚለማ የውኃ ፍጆታው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

አንድ መቶ ግራም አልሞንድ 50 ግራም ገደማ ስብ፣ 21 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 22 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ከካርቦሃይድሬቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ስኳር የማይለወጥ አሰር ነው። የስንዴ ዱቄት በተመሳሳይ መጠን ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱ ሰዎች አልሞንድን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ቡላ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንሰት ለዓመታት በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመው ስታርች ሊያብብ በተቃረበበት ወቅት ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርሳል፤ ልምድ ያላቸው ገበሬዎች ተክሉን የሚቆርጡትም በዚህ ጊዜ ነው። ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ፣ ከመሬት ሥር ያለውን ወፍራም ክፍል ይከታትፋሉ፣ ከዚያም ይጨምቁታል። የወጣው ፈሳሽ ሲዘቅጥ ውኃው ከላይ ይደፋና ነጩ ቡላ ከሥር ይቀራል። አሰሩ ከቆጮው ጋር ስለሚቀር፣ የደረቀ ቡላ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑም ሆነ ስቡ እጅግ አነስተኛ ነው። ስታርች በሰውነት ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ለአራስ፣ ለደከመና ለታመመ ሰው የቡላ ገንፎና አጥሚት የሚሰጠው ቶሎ ኃይል ስለሚሆን ነው፤ ያው ባሕርይ ግን የስኳር ሕመም ላለበት ሰው መጠኑን እንዲጠነቀቅ ያስገድደዋል። «እህል አይደለም፣ ስለዚህ ስኳር አይጨምርም» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ቆጮም የካርቦሃይድሬት ምግብ ነው፤ ሆኖም አሰር ስላለው ከቡላ ይሻላል። ፕሮቲኑ ዝቅተኛ በመሆኑ ከጎመን፣ ከአይብና ከሥጋ ጋር የመብላት የቆየ ልማድ ለጣዕም ብቻ የተፈጠረ አይመስልም። የስኳር ሕመምተኛ ቆጮውን አነስ፣ ጎመኑንና አይቡን በዛ ቢያደርግ ይጠቀማል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ካርቦሃይድሬትን በድንገት ቢያቋርጥ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

በአልሞንድ ቦታ በአገር ውስጥ የሚፈልግ ሰው ተልባን ማየት ይችላል። አንድ መቶ ግራም ተልባ 29 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 27 ግራም ያህሉ አሰር ነው። ኦቾሎኒም 16 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬትና 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ኦቾሎኒ እርጥበት ሲያገኝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ስለሚይዘው፣ የሻገተውን ወይም የጨማደደውን ለይቶ መጣል ግዴታ ነው። መቁላት መርዙን አያጠፋውም።

በአቀማመጥ በኩል ቡላ ይበልጣል። የቅባት እህሎች ዱቄት ስቡ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይሻግታል ባይባልም ይመርራል፤ ስለዚህ ተልባን ሳይፈጭ አስቀምጦ ለጥቂት ቀናት የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይመረጣል። ስብ የሌለው ቡላ በሚገባ ደርቆ እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። ገዥው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፦ በደረቀ ቡላ ላይ የስንዴ ዱቄት ቢቀላቀል በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ስንዴ ለማይስማማው ሰው ደግሞ ጥቂቱም ጉዳት ያደርሳል፤ ከሚታወቅ አምራች መግዛት ይመከራል።

ለገበሬው እንሰት በከብት ፍግ የሚለማ፣ የጓሮን አፈር ከመሸርሸር የሚጠብቅ፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ቃጫው ለገመድና ለጆንያ የሚሆን ተክል ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንሰት አካባቢዎች ከሌሎች የተሻለ መቋቋማቸው ይነገርለታል። ይሁን እንጂ አንድ ተክል ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈልግ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሲገባ የሚጠፋው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው ይህ የባክቴሪያ በሽታ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከጠወለገና ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ካወጣ ተክሉ ተነቅሎ በጥልቅ ይቀበራል፤ ለከብት አይሰጥም። ቢላውና መፋቂያው በእሳት ሳይለበለቡ ወደ ጤነኛው ተክል መሻገር የለባቸውም።