የካሊፎርኒያ ሰላጣ አምራቾች በራሳቸው መዋጮ የሚያካሂዱት ምርምር

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በሞንቴሬይ አውራጃ የሚገኘው የሳሊናስ ሸለቆ ከአገሪቱ ዋነኛ የሰላጣ አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰብሉን ከበሽታ ለመጠበቅ ለሚካሄደው ምርምር ከሚውለው ገንዘብ ከፊሉ የሚሰበሰበው ከመንግሥት በጀት ሳይሆን ከራሱ ከዘርፉ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው የግብይት ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት በአንድ ሰብል የተሰማሩ ወገኖች በሚፈለገው የድምፅ ብልጫ ከተስማሙ፣ የተቃወሙትም ጭምር ለገበያ ባቀረቡት ምርት መጠን የተወሰነውን መዋጮ የመክፈል ግዴታ አለባቸው። የግዛቱ የምግብና እርሻ መሥሪያ ቤት አፈጻጸሙን ይቆጣጠራል። መዋጮው በፈቃደኝነት ቢሆን ኖሮ ያልከፈለውም ከከፈለው እኩል በምርምሩ ውጤት ይጠቀም ነበር፤ የግዴታው ምክንያት ይኸው ነው። የሰላጣ ምርምር ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቋቋም አይስበርግ የተሰኘውን የሰላጣ ዓይነት ብቻ ይመለከት የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ስፒናችን ጨምሮ ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችን አካቷል።

የጋራ ጥበቃ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የሰላጣ ሞዛይክ የተባለው የቫይረስ በሽታ በዘር ይተላለፋል፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ደግሞ ክሽክሽ ነው። በመሆኑም ከ30,000 የሰላጣ ዘሮች አንድም የተበከለ እንዳይገኝ የሚጠይቅ የምርመራ መስፈርት ተደነገገ። በአውራጃው በታኅሣሥ ወር ለሁለት ሳምንታት ያህል በማሳ ላይ ሰላጣ እንዳይገኝም ተከለከለ። ደንቡን አንድ አምራች ቢጥሰው ጎረቤቶቹ ሁሉ ለጉዳት ስለሚጋለጡ፣ ቁጥጥሩ ለግለሰብ ፈቃድ የሚተው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአካባቢው ሰላጣ ላይ የታየው ኢምፔሽንስ ኔክሮቲክ ስፖት ቫይረስ ግን በዚህ ዘዴ የሚገታ አልሆነም። ቫይረሱ በሰላጣ ዘር አይተላለፍም፤ አስተላላፊው ትሪፕስ የተባለች እጅግ ትንሽ ነፍሳት ናት። ትሪፕስ ቫይረሱን የምትወስደው በእጭነት ዘመኗ ብቻ ሲሆን፣ ካደገች በኋላ እስክትሞት ድረስ ታስተላልፋለች። ሰላጣ በማሳ ላይ በሌለበት ጊዜም ቫይረሱ በአረም ላይ ይቆያል። ከአፈር በሚነሣው የፒቲየም አጠውላጊ በሽታ ሲታገዝ ጉዳቱ ይከፋል። በ2020 እና በ2022 በርካታ ማሳዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ጨርሶ ሳይሰበሰቡ የታረሱም ነበሩ።

ተመራማሪዎች የአረም ማጽዳትን አስፈላጊነት አበክረው ይገልጻሉ። ይሁንና አረሙ የሚበቅለው በማሳ ውስጥ ብቻ አይደለም። የመንገድ ዳርቻዎች፣ የባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ እንዲሁም የውኃ መውረጃ ቦዮች የቫይረሱ መጠለያ ናቸው። አምራቹ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ሥልጣን ስለሌለው፣ የመዋጮው ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታዎቹን የሚያስተዳድሩ አካላት ትብብር ግድ ነው።

ዘላቂ መፍትሔ ተብሎ የሚጠበቀው በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ማግኘት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በሳሊናስ ባለው የምርምር ጣቢያ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በዴቪስ ቅርንጫፉ በሰላጣ ዝርያ ማሻሻል ላይ ይሠራሉ። ቫይረሱን በመጠኑ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ቢለዩም አዲስ ዝርያ አዳቅሎ ለገበያ ማብቃት ዓመታት ይፈጃል። አምራቹ ደግሞ መፍትሔውን የሚሻው ለዘንድሮው ምርት ነው።

አሠራሩ አንድ ጉልህ ድክመት አለው። መዋጮው የሚሰላው ለገበያ በቀረበው ምርት ላይ በመሆኑ፣ በሽታው በርትቶ ምርት በቀነሰ ዓመት የምርምሩም ገቢ አብሮ ይቀንሳል።