ገንዳ ውስጥ ስንገባ ዕቃችንን የት እናስቀምጥ?

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። ከከተማዋ በታች ካለው ጫካ የሚፈልቁት ምንጮች አርባ ይሁኑ አይሁኑ ቆጥሬ አላውቅም። እኔ ግን እዚያች ከተማ ሄጄ በውሃ ምክንያት የ26 ዓመት የጋብቻ ቀለበቴን ላጣ ነበር። ለሥራ ጉዳይ በሄድኩበት ሰሞን ካረፍኩበት ሆቴል (ስሙ ይቆየን) ገንዳ ውስጥ ገባሁ። ቀለበቴን፣ መነጽሬንና ሞባይሌን በገንዳው ጠርዝ ላይ ደረደርኩ። ሌላ ማስቀመጫ አልነበረማ!

ታጥቤ ስጨርስ የገንዳውን መክደኛ አነሳሁና ፎጣዬን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ። ፎጣው በሩ ላይ ነው የተሰቀለው። ስንጠራራ ክንዴ ጠርዙን ጠረገው። ሞባይሉ ጧ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ቀለበቱ ደግሞ አንዴ ዞር አለና ወንፊት በሌለው የፍሳሽ ቀዳዳ ገብቶ ከዓይኔ ጠፋ።

የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ወጣት ነው። ገና ከመግባቱ፣ "ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ለቀዋል?" አለኝ።

"ኧረ አለቀቅሁም።"

"እንግዲያው አለ፤ አይዞዎት።"

በገንዳው ጎን ያለውን መክፈቻ ፈታና ሲፎኑን አወለቀ። ቀለበቴ ከጥቁር ዝቃጭና ከፀጉር ጋር ተጣብቆ ወጣ። ሲፎን የሚባለው ጎበጥ ያለ ቧንቧ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይዞ የፍሳሽ ሽታን ይከለክላል፤ በዚያው ጉብጠቱ ከባድ ነገርን ያስቀራል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ነው። ዕቃ በፍሳሽ ከገባ ቧንቧውን ወዲያው ዝጉ፤ "ልግፋው" ብላችሁ ውሃ አትልቀቁበት። ሞባይሉ ግን በሩዝ ውስጥም ተቀብሮ አልዳነም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

እኛ ኢትዮጵያውያን አብዛኛውን ዘመናችንን የታጠብነው በወንዝና በምንጭ ነው። ልብስ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ ወይም ጓደኛ ይጠብቀዋል። ፍል ውሃም ቢሆን ከታሪካችን ጋር የተያያዘ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆኗል። በቤታችን ውስጥ ያለው ገንዳ ግን የቅርብ እንግዳ ነው። ጠባቂ ልጅ የለው፣ ድንጋይ የለው።

በፈረንጅ አገር ጥያቄው ቀደም ብሎ ተነስቷል። የፈረንሳይ አብዮት ጋዜጠኛ የነበረው ዣን ፖል ማራ በቆዳ ሕመም ምክንያት ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1793 ሻርሎት ኮርዴ የተባለች ሴት እዚያው ወግታ ገደለችው። ሠዓሊው ዣክ ልዊ ዳቪድ በዚያው ዓመት የሠራውን ሥዕል ልብ ብሎ ላየ፣ በገንዳው ላይ ጨርቅ የለበሰ ሳንቃ ተጋድሟል፤ ከጎኑ ደግሞ የቀለም ዕቃ የተቀመጠበት የእንጨት ሳጥን ቆሟል። የፖለቲካውን ጣጣ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትተን ለእኛ የሚጠቅመንን ብንወስድ፣ አግዳሚ ሳንቃና ከጎን የሚቆም ሳጥን እስከ ዛሬ ያልተሻሩ ሁለት መፍትሔዎች ናቸው።

ምን ዓይነት ማስቀመጫ?

የገንዳ ጠርዝ ዕቃ እንዲያንሸራትት እንጂ እንዲይዝ አልተሠራም። ከእሱ ይልቅ አራት አማራጮች አሉ።

ቀላሉ በርጩማ ነው። ከገንዳው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት በኩል ይቀመጣል። ፎጣና መነጽር ይችላል። እግሩ የማይነቃነቅ፣ ወለሉም የማያንሸራትት መሆን አለበት። ለአረጋውያን ግን ሲወጡ እንዳያደናቅፋቸው ከመውጫቸው በኩል ፈቀቅ ይበል።

ሁለተኛው በግድግዳው ውስጥ የሚሠራ መደርደሪያ ነው። ቤት የምትሠሩ ሰዎች ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ለግንበኛው ንገሩት። ወለሉ ወደ ገንዳው በኩል ትንሽ ዘንበል ካላለ ውሃ ያቁርና ሳሙናው ይሟሟል።

ሦስተኛው በጎማ የሚጣበቀው የፕላስቲክ ቅርጫት ነው። ርካሽ ነው፤ እንፋሎት ሲበዛ ግን ሌሊት ወድቆ ያስደነግጣል። ሻምፖና ስፖንጅ ይያዝ እንጂ የሚሰበር ነገር አይታመንበት።

አራተኛው በገንዳው ላይ የሚጋደመው ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው ከዓይናችሁ ሥር ይሆናል።

የዶርዜ ቀርከሃ

ቀለበቴ በተገኘ ማግስት ወደ ጨንቻ ስወጣ ዶርዜ ላይ ወረድኩ። የጋሞ ደጋ ሰው ቀርከሃን እንዴት እንደሚያውቀው ለማየት ቤቱን ማየት ይበቃል። ያ ረዥም፣ የዝሆን ፊት የሚመስለው የዶርዜ ቤት አጥንቱ ቀርከሃ ነው። የእግሩን ጫፍ ምስጥና እርጥበት ሲበሉት ቤቱ በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ቀሪው ግን ጸንቶ ይቆያል። ለገንዳ አግዳሚ የሚጠቅመን ትምህርትም ይኸው ነው፦ ቀርከሃን የሚጎዳው ሳይደርቅ የሚቆይበት እርጥበት ነው።

በአገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ ይበቅላል። የቆላው ውስጡ የተሞላ ነው። የደጋው ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሥራውን የነገርኳቸው አዛውንት መጀመሪያ የጠየቁኝ ስፋቱን ነበር። እኔም የሆቴሉን ገንዳ በስንዝር ለክቼ ነበርና እሱን ነገርኳቸው።

"የአንተን ነው የለካኸው?"

"አይ አባባ፣ የሆቴሉን ነው።"

"ታዲያ ለሆቴሉ ልሥራለት?" ብለው ሳቁ።

ወደ ባለቤቴ ደወልኩ፤ በሜትር ለክታ 75 ሳንቲ ሜትር አለችኝ። አግዳሚው በሁለቱም በኩል ቢያንስ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ በ85 ተሠራልኝ። ጥቅሞቹ እነዚህ ናቸው፦ በንጣፎቹ መካከል ክፍተት ስላለ ውሃ አይቆምበትም፤ ከሥሩ የተሰካው ዘንግ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። እኔ በበኩሌ ጫፎቹ ሥር አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ለጠፍኩበት። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ጥረጉትና ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፤ በዓመት አንዴ ቫርኒሽ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል።

ከገንዳው የሚርቁ

አግዳሚ ተገኘ ተብሎ ሁሉም ነገር አይጫንበትም። በቻርጀር ላይ ያለ ሞባይል፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ በሶኬት የሚሠራ ሬዲዮ፣ ማራዘሚያ ገመድ ከመታጠቢያ ቤት ጭምር ይውጡ። በአገራችን ያለው መብራት 220 ቮልት ነው፤ በእርጥብ ገላ ላይ ደግሞ ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን አንድ ሰው ገንዳ ውስጥ ሆኖ ሞባይሉን ቻርጅ ሲያደርግ በኤሌክትሪክ ሞቷል። "መብራት ሊጠፋ ነው፣ ልሙላው" የሚል ችኮላ ለእኛም እንግዳ አይደለምና እንጠንቀቅ።

መድኃኒትን እንፋሎት ያበላሸዋል። ምላጭና ብርጭቆ ልጆች ባሉበት ቤት አይታሰቡም። ቀለበት ለማውለቅ ከፈለጋችሁ ልብስ ሳታወልቁ፣ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አስቀምጡት። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፦ ዝንጀሮ ወደ ሆቴሎች ግቢ መጠጋቱ የተለመደ ነውና መስኮት ከፍታችሁ ዕቃ አጠገቡ አታስቀምጡ።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሆቴልና የእንግዳውን ግንኙነት ከቁጥር 2653 ጀምሮ ለብቻው ይደነግጋል። ለባለሆቴሉ በእጁ ያስረከባችሁት ውድ ዕቃና መታጠቢያ ቤት ጥላችሁት የገባችሁት ዕቃ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። እኔም የሞባይሌን ዋጋ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክንዱ የእኔ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ጠበቃ ሆኜ ለሆቴሉ ብቆም የምከራከረው ይህንኑ ነበር።

ከሕጉ ውጭ ግን ለባለሆቴሎች አንድ ቃል አለኝ። ለአንድ እንግዳ ገንዳ የሚያዘጋጅ ሰው መነጽሩን የሚያኖርበትን ሊያስብለት ይገባል። አንድ መስቀያ በእጅ ርቀት፣ ለፍሳሹ አንድ ወንፊት፣ አንድ የቀርከሃ አግዳሚ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ናት፤ ሠሪው እዚያው አለ። እንግዳው ዕቃው ይድንለታል፤ ባለሙያውም እንጀራ ያገኝበታል።

የእኔ ቀለበት አሁን ገንዳ አጠገብ አይደርስም። ባለቤቴ አልጋችን ራስጌ አንዲት ክዳን ያላት ሙዳይ አስቀምጣለታለች። ከመታጠቤ በፊት፣ "አስቀመጥከው?" ትለኛለች። ሳልመልስ ውሃ አልከፍትም።