የእምባቦው ቁስለኛ

አድምጡኝማ! ዘመኑ 1874 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት፣ ስፍራው ሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ሜዳ። በአንድ ወገን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ በሌላው ወገን ትናንት ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት። ዘውዱን የጫኑላቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው፤ ገና ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላውም። የጠቡ መነሻ ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ነው፦ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናው። ማን ያስገብረው?

ተዋጉ። የራስ ጎበና ዳጬ ፈረሰኛ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ከሁለቱም ወገን ስንቱ ጎበዝ ወደቀ! ጎጃም ተፈታ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ደም የፈላበት ሠራዊት ቆሞ ያያል፤ ባለጋራው እግር ሥር ወድቋል። ምኒልክ ግን ቀረብ ብለው ቁስሉን በገዛ እጃቸው አጠቡ፣ አሰሩም ይባላል። ደግሞም ምርኮኞቹን፣ እኔ እጃችሁ ገብቼ ቢሆን ምን ታደርጉኝ ነበር ብለው ቢጠይቁ፣ አንዱ መኰንን ሳይፈራ እንቆራርጥዎ ነበር አለ ተብሎ ይተረካል። ይህን ሰምተውም ማከሙን አልተዉም።

እኔ ይህን ከመቅደላ ለይቼ አላየውም። ምኒልክ በልጅነታቸው እዚያ መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛ ነበሩ፤ ቴዎድሮስ ግን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ያለቀለት ሰው ሲማር ምን እንደሚሰማው ያውቁታል።

እርግጥ ተክለ ሃይማኖት የተፈቱት በምኒልክ ደግነት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም የተቆጡት አፄ ዮሐንስ ምርኮኛውን አምጣ ብለዋል። ደግሞ የጉዱሩ ገበሬ አለ። እርሻው የጦር ሜዳ ሆነበት፤ ያ ምሕረት በነገሥታቱ መካከል ቀረ እንጂ እሱ ዘንድ አልደረሰም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ትረካዬ ጎደሎ ነው።

የቁስሉ ነገር ግን ፍሬ አፍርቷል። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ጣልያን ዓድዋ ላይ ሲመጣ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። እምባቦ ላይ ተገድለው ቢሆን ኖሮ፣ የጎጃም ሰው ደመኛውን ተከትሎ ያን ያህል መንገድ ይሄድ ነበር?